ሳሙና የተባለችው ቁልፍ

ግሩም ያቺን ቁልፍ «ሳሙና» ይላታል። ኪቦርዱ ላይ ከላይ በኩል ከተደረደሩት አንዷ ናት፣ ኤፍ ዘጠኝ። ሌላ ቦታ ብትጫኗት ምንም አትሠራም። የግሩም ስቱዲዮ ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ስትነኳት የተቀዳውን በሙሉ ትመርጣለች፣ ከምት የዘገየውን ወደፊት ትስባለች፣ የቀደመውን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ድምፁን ወደ ፒያኖው ኖታ ታስጠጋለች፣ ሴቭ ታደርጋለች፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከእንግዲህ አያስፈልግም የምትለውን የመጀመሪያውን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ጠርጋ ታጠፋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ንክኪ ነው። ግሩም ራሱ ሜኑው ውስጥ ገብቶ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ሰክቶ ሠራት፣ እንደ ልጁም ይወዳታል። እኔ ደግሞ እጠላታለሁ። ከጅምሩ እንድታውቁት ብዬ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም።

ሪሃብ እባላለሁ። አባቴ ሸረፈዲን ባሕር ዳር፣ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ፔዳ ሰፈር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለችው የግሩም ስቱዲዮ ድምፅ እቀዳለሁ። እቀዳ ነበር ማለት ይሻላል። የሙዚቃ ፕሮግራም የተማርሁት በአባቴ ሱቅ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መሀል ተቀምጬ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ እከፍታለሁ። የላፕቶፑ ማውስ እጄ ከገባ ጀምሮ የሞተ ነው፤ በጣቴ ባሸው ባሸው ቀስቷ ንቅንቅ አትልም። ሌላ ሰው ቢሆን ያሠራው ነበር። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ያለ አንቺም እሠራለሁ አልኋት። ለመቁረጥ የትኛው ቁልፍ ነው፣ ለመቅዳት የትኛው፣ የተበላሸውን ለመመለስ የትኛው እያልሁ ሾርትከቱን ሁሉ በጣቴ አጠናሁት። አሁን እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። የአንዳንዱ ቁልፍ ፊደል ተፍቆ ጠፍቷል፣ እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።

ግሩም የሜኑ ሰው ነው። ቀስቷን እየጎተተ «ፋይል» የሚለውን ይከፍታል፣ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል፣ እዚህ የለም ብሎ ይዘጋዋል። «ኤዲት» የሚለውን ይከፍታል፣ እሱንም ያነበዋል። የቤት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን ሁሉ እንደሚዳብስ ማለት ነው። አጠገቡ ቆሜ ኮንትሮልና አንዲት ፊደል ብቻ እኮ ናት እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ያንቺ ጣት ይፈጥናል፣ የእኔ ጣት ያስባል ይለኛል። እንዲህ እየተበሻሸቅን ነበር የምንሠራው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንንም አስቀድሜ ልናገር። ሴት ልጅ እዚህ ምን ታደርጋለች ሲሉት ከገዛ ወንበሩ ተነሥቶ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ሳሙናዋንም የሠራት ሜኑ ውስጥ መንከራተቱ ቢሰለቸው ነው።

ደንበኛውም ይወዳታል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ግሩም ሳሙናዋን ይጫናል፣ ልጁ የራሱን ድምፅ ታጥቦ ተተኩሶ ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። እየቆየ የቤቱ ሥርዓት ሆነ፤ ማንም ሰው ሳይታጠብ ድምፁን አይሰማም። የእኔን ጆሮ ግን ሰለቸው። ከሳሙናዋ የወጣ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሸታል።

አንድ ቀን በዚሁ ተጣላን። ድምፁ የሚጠጋበትን የቅኝት ሜኑ ከፈትሁለትና አንብብ አልሁት። የአረቡ አለ፣ የጃፓኑ አለ፣ የስፔኑ አለ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ሁሉ አለ። አምባሰል የለም። አንቺሆዬ የለም። የእኛ ሰው የሚያርፈው ከሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሀል ነው፣ ይህቺ ሳሙናህ ግን ተሳስተሃል ብላ ካረፈበት ታነሣዋለች አልሁት። ግሩም ሜኑውን እስከ ታች ወርዶ አየውና ከሌለ ምን ላድርግ አለኝ። ከሌለ አለመንካት ነዋ። ቢያንስ ፋይል የምታጠፋውን የመጨረሻዋን ትእዛዝ አውጣት ብዬ ለመንሁት። ዲስኩ ይሞላብናል አለና በዚያው ቀረ።

እማማ የሺአረግ የመጡት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመሸንቲ ነው የመጡት፤ ልጃቸው አምባቸው ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው። አምባቸው እዚሁ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። እሳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቁጭ ብለው ጠበቁና አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ነጠላ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። እንቅርት ነው፤ የጎረምሳ ጡጫ ያክላል። ትንፋሽ እየከለከላቸው ስለሆነ ሰኞ ሊወጣ ተቀጥሯል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ይተኛሉ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም። የድምፅዎ ጅማት ከእንቅርቱ ሥር ነው የሚያልፈው፣ ተጠንቅቀን እናወጣዋለን፣ ድምፅዎ ግን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል ብሏቸዋል።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይሆናል። እማማ የሺአረግ ግን አውራጅ ናቸው። በመሸንቲና በዙሪያው እሳቸው ያላወረዱበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ እሳቸው ዘፈኑን ያወርዳሉ፣ ሰዉ እያጨበጨበ ይቀበላቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚታወቁት በዚህ ነው። ከቤት ስማቸው ይልቅ ድምፃቸውን የሚያውቅ ሰው ይበዛል አለኝ አምባቸው፣ ኩራት ይሁን ኀፍረት ባለየሁት አነጋገር።

«ሰኞ ምን ይዤ እንደምነቃ አላውቅም» አሉኝ እማማ የሺአረግ። «እስከ ዛሬ የነበርሁትን ያዥልኝ።»

ይኸው ነው የጠየቁኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። እኔም ወላሂ እይዝልዎታለሁ አልኋቸው።

ግሩም ገና አልመጣም ነበር፣ ክፍሉ የእኛ ነው። ሄድፎኑን በአንድ ጆሮ ብቻ ነው የምቀበለው አሉ። ምት የሚቆጥረውን ክሊክ ስከፍትላቸው ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ምት ነው እማማ ብላቸው፣ የማን ምት አሉ። አጠፋሁት። ቀጥለው ደግሞ ማን ነው የሚቀበለኝ አሉ። አውራጅ ያለ ተቀባይ አይዘፍንማ፤ ለግድግዳ አይወረድም። ሁለታችንም አምባቸውን አየነው። እሱ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል። ስለዚህ የመቅጃዋን ቁልፍ ተጫንሁና እየሮጥሁ ከጎናቸው ገባሁ። ያጨበጨብሁላቸውም፣ የተቀበልኋቸውም እኔ ነኝ።

ከመሸንቲ ማዶ መንገዱ ቢከፋ፣
እግሬ አውቆ ይመጣል ልቤ ነው የጠፋ።

«ልቤ» የምትለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወደ ላይ ይነሣና ይደርሳል ስትሉት መንገድ ላይ ያርፋል። እዚያች ቦታ ላይ ፒያኖ የለም። ጭብጨባውንም አይጠብቁትም፤ ጥለውት ይሄዱና ሲፈልጉ ተመልሰው ይይዙታል። የክንዴ ፀጉር ቆመ። እጄ እያጨበጨበ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ሮጬ ሴቭ አደረግሁና ውኃ ላጠጣዎት፣ ነፋስም ይንካዎት ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታች ወረድን። አምባቸው እዚያው ቀረ።

ስንመለስ ግሩም መጥቷል። ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፣ አምባቸው አጠገቡ ቆሟል፣ ፊቱ እንደ አምፖል በርቷል። የግሩም ጣት ከሳሙናዋ ላይ ስትነሣ አየኋት። ግሩም እንኳን ደህና መጡ እማማ፣ ይስሙልኝ እስቲ አለና ድምፁን ከፈተው።

ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ለስላሳ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ትንፋሽ የለበትም። ጭብጨባዬ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። «ልቤ» የምትለዋ ቃል ቀጥ ብላ ወጥታ ልክ ፒያኖው ላይ ተቀምጣለች። እማማ የሺአረግ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ መሀል ላይ አላቋረጡም።

«ጎበዝ ናት» አሉ ሲያልቅ። «የማን ልጅ ናት? ዜማዬንስ ከየት ሰማችው?»

አምባቸው አንቺ ነሽ እኮ እማዬ አላቸው። እሳቸው ስፒከሩን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ያ አስተያየታቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፤ ቃል የሰጠችኝ ልጅ አንቺ አይደለሽም ወይ የሚል ነው።

ግሩምን ከወንበሩ ገፍቼ ኪቦርዱን ያዝሁ። ኮንትሮል ዜድ፣ ኮንትሮል ዜድ፣ ኮንትሮል ዜድ። የድምፁ መስመር ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። የተጠቀለለ ጨርቅ ትዘረጊያለሽ፣ የተቃጠለውን ግን በምን ትመልሺዋለሽ? ሳሙናዋ የመጨረሻ ሥራዋን ሠርታለች። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ፈለግሁ፣ የለም። ፎልደሩን ሁሉ በቁልፍ እየከፈትሁ እየዘጋሁ ፈለግሁ፣ የለም። ያቺን ኤፍ ዘጠኝ ከኪቦርዱ ነቅዬ በመስኮት ልወረውራት ምንም አልቀረኝ።

ግሩምም መጀመሪያ ደንግጧል፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ለሁሉም ሰው የማደርገውን ነው ያደረግሁት፣ ማን ነገረኝ አለ። እውነቱን ነው፤ አልነገርሁትም፣ አልነበረማ። ያጣላን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ደንበኛው ራሱ ወዶታል፣ ምን ሆንሽ ብሎ አምባቸውን አሳየኝ።

አምባቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄኛው ይሻላል» አለ። «ያኛው የገጠር ነው። ሰው ቢሰማው ይስቅብናል።»

እማማ የሺአረግ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው ጠመጠሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አንተን ያሳደገህ እኮ ያ ያልታጠበው ነው» አሉት።

እንደገና እንቅዳ ብዬ ተነሣሁ። ሞከሩልኝ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ጀመሩ ሳል ያዛቸው፣ ትንፋሻቸው አጠረ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። ዛሬ በቃኝ፣ ሌሊቱን ልረፍና ነገ ከቅዳሴ መልስ ይሆንልኛል አሉ። ከነገ በኋላ ደግሞ ሌላ ቀን የለም። ወደ ግሩም ዞርሁ። እሑድ ሙሉ ቀን አንድ ትልቅ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ይመጣል፣ ክፍሉ ተይዟል፣ አንቺም ወንበርሽ ላይ መሆን አለብሽ አለኝ። አልመጣም አልሁት። ቀልድ መሰለው። ደግሜ ነገርሁት። ነገ ካልመጣሽ ሰኞም እንዳትመጪ አለኝ፣ ሰው ፊት መሆኑም አናዶታል መሰለኝ።

«ወንበሩ ያንተ ነው» አልሁት። «ጣቶቹ የእኔ ናቸው።»

ሄድፎኔን ጠቅልዬ ወጣሁ። ዋሽቼ ደፋር ነበርሁ አልልም። ያን ሥራ እወደው ነበር። ግን ሰው ድምፄን ያዥልኝ ብሎ ሰጥቶኝ፣ አጥቤ አጠፋሁት ብዬ እንዴት እተኛለሁ?

አባቴ የሆነውን ሁሉ ስነግረው ጨርቅ እያጠፈ አዳመጠኝ። ምክር ይሰጠኛል፣ ግሩምን ይቅርታ ጠይቂ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቃል ሰጥተሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልሁት። ታዲያ እኔን ምን ታማክሪኛለሽ አለና መቀሱን አንሥቶ ከወፍራም ሱፍ ቁራጭ ቆረጠልኝ። የራሴ የምላት አንዲት ርካሽ ማይክ አለችኝ፤ ንፋስ እንዳይገባባት አልብሻት አለ። ስለ ማይክ ምንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ለካ ከጣቃው መሀል ሆኜ ስለፈልፍ ይሰማኝ ኖሯል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽምብጥ ሰፈር፣ አምባቸው የተከራየበት ግቢ ሄድሁ። አምባቸው በሩን ከፍቶ ዓይኔን ሳያይ አስገባኝ። እናቱ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ለሆስፒታል የያዙትን ዘንቢል አጠገባቸው አድርገው ይጠብቁኛል። ቤቱ ግን አልሆነም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ድምፅ ይመልሳል፤ ጎረቤት ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ግድግዳውን አልፎ ይጮኻል። አምባቸው ሂዶ ቀንሱ እንዲላቸው ብጠይቀው ሰው ምን ይለናል አለ። እማማ የሺአረግ ብድግ አሉ። ውኃ ዳር እንሂድ አሉ፤ ልጅ ሆነው ከመሸንቲ ለገበያ ሲመጡ መንገዱ ደክሟቸው የሚያርፉትም የሚዘፍኑትም እዚያ ነበር።

አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ዳሩ ላይ የበቀለው ደንገል ፊት ለፊታችን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጣና እስከ ማዶ ተዘርግቷል። አምባቸው ወንበር ተሸክሞ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው እየተገላመጠ መጣ። ሱፉን ማይኳ ላይ ጠቀለልሁ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ተበላሸ ብዬ ክው አልሁ። አልተበላሸም፤ የጣና ፀሐይ ነው፣ ከውኃው ላይ እየተመለሰ ስክሪኑን መስተዋት አድርጎታል። የማየው የራሴን ፊት ብቻ ነው። አምባቸው ጎንበስ ብሎ አየና ምንም አይታይም እኮ አለ፣ ትንሽ ተስፋ ባለው ድምፅ።

ሜኑ የሚያነብ ሰው ቢሆን እዚያች ላይ ያበቃለት ነበር። እኔን ግን አሳቀኝ። ያ የሞተ ማውስ ለዚህ ቀን ነው ያሠለጠነኝ። ፕሮግራሙን በቁልፍ ከፈትሁ፣ አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ መስመር፣ ክሊኩን ማጥፊያ፣ ማይኳን ማብሪያ፤ ሁሉንም እየቆጠርሁ፣ ፊቴን ውኃው ላይ አድርጌ። በሄድፎኑ የደንገሉ መንሿሿት ሲመጣልኝ እንደ ሠራ አወቅሁ። ስልኬ ጮኸ፣ ግሩም ነው። አጠፋሁት። ወደ ገዳማቱ የምትሄድ ጀልባ ሞተሯን እያንኳኳች አለፈች፣ እስክትርቅ ጠበቅን።

«ማን ነው የሚቀበለኝ?» አሉ እማማ የሺአረግ።

እኔ አልችልም፤ በአንድ እጄ ማይክ ይዣለሁ፣ ሌላው ቁልፉ ላይ ነው። አውቀውታል። ልጃቸውን ያዩት አውቀው ነው።

አምባቸው ዙሪያውን አየ። የእሑድ ሰው ነው፣ ባልና ሚስቱ፣ ተማሪው፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ ዳሩን ይዞ ይንሸራሸራል። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታና ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ሰዓት። መቅጃዋን ተጫንሁ። እናቱ አወረዱ። እሱ እንደ ሰዓት ያጨበጭባል፣ እሳቸው ጥለውት ይሄዳሉ፤ እሱ ሊይዛቸው ይፈጥናል፣ እሳቸው ደግሞ ይዘገዩበታል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ መቁጠሩን ተወው። እጁ ራሱ አወቀው፤ ከመወለዱ ጀምሮ የሰማው ነውና። ሦስተኛው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀበላቸው። ድምፁ የእናቱ ድምፅ ነው፣ እዚያችው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። እንባው እየወረደ ይቀበላል፣ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያያል፣ እሱ አያይም። እኔ ደግሞ እንዳልንሰቀሰቅ ከንፈሬን ነክሼ ማይኩን ይዣለሁ።

መሀል ላይ ሳል መጣባቸው። ሳሉ፣ ሳቁ፣ ካቆሙበት ቀጠሉ። ሳሉም ሳቁም አብሮ ገብቷል። ሲጨርሱ አቆምሁና ኮንትሮል ኤስ ተጫንሁ። ማየት ስለማልችል ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ከመጀመሪያው ከፈትሁት። አለ። ሁሉም አለ፤ ትንፋሹ፣ ደንገሉ፣ የአምባቸው እጅ። ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ግሩም ቃሉን ጠበቀ፣ እኔም ቃሌን። ሰኞ አልሄድሁም። አሁን የምሠራው አባቴ ሱቅ ጓዳ ነው። ወላሂ የግሩም ክፍል እንዲህ አይሆንም፤ ጣቃው በአራቱም ግድግዳ ተደርድሮ ድምፅ ይውጣል፣ ገበያው እንዳለ ሲጮኽ ውስጥ ዝም ነው። ሰው ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ ልጁን ሊያስቀዳ ይመለሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግሩም መልእክት ላከልኝ። ከሳሙናዋ ላይ የመጨረሻዋን ትእዛዝ አውጥቻታለሁ፣ ተመለሺ ይላል። ቀሪዎቹንስ ብዬ ጻፍሁለት። እስካሁን ሜኑውን እያነበበ ነው መሰለኝ።

እማማ የሺአረግ ደህና ሆነው ከሆስፒታል ወጡ፤ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ይህን የነገረኝ አምባቸው ነው፣ በስልክ። ሻክሯል፣ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል አለኝ። መሸንቲ አንድ ሠርግ ተጠርተው ሄደው ነበር፤ ዘመድ ተሰብስቦ እርስዎ ይረፉ፣ እኛ ቅጂውን በስፒከር እንከፍተዋለን ብሎ ወንበር ሰጣቸው። ለአምባቸው የሰጠሁትን የውኃ ዳሩን ማለታቸው ነው። እሳቸው እዚያ ቁጭ ብለው የራሳቸውን ድምፅ ሲያጨበጭቡለት ዋሉ። እኔ የያዝሁላቸው ነገር አፋቸውን ሊያስዘጋቸው ነው እንዴ?

በሳምንቱ ራሳቸው መጡ። አምባቸው ከኋላቸው ነው፣ የአንገቱ ቁልፍ ተፈትቷል። ነጠላቸው ከአንገታቸው ወርዷል፤ ጠባሳውን አልሸፈኑትም። አባቴ ወንበር ሰጣቸው፣ እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ የውኃ ዳሩን ላሰማቸው ስዘጋጅ እጄን ያዙኝ።

«ያኛው አለ» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ አሸዋ ነው፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «አሁን ደግሞ ይኼንን ያዥ። ሳይታጠብ።»

አባቴ ሜትሩን አስቀምጦ የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። አምባቸው ማንም ሳያዘው እጁን አነሣ። መቅጃዋን ተጫንሁ። እማማ የሺአረግ ትንፋሽ ወሰዱ፤ አዲስ ስንኝ ነው ያወረዱት፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ።

ድምፄን ቢላ ነክቶት ተቀየረ አሉ፣
ልቤን ማን ነክቶት ነው ዝም በዪ የሚሉ።

«ልቤን» የምትለው ላይ ድምፃቸው ወጣ፣ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ አልፎ እዚያችው የድሮዋ ቦታ ላይ አረፈ። አልቆሙም። አምባቸው ተቀበላቸው፣ አባቴም ተቀበላቸው፣ በሩ ላይ ቆማ ነጠላ የምትመርጥ አንዲት ደንበኛ ሳይቀር ተቀበለቻቸው። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ መላልሰው አወረዱት፣ በተሰነጠቀ ቁጥር ይበልጥ ጮክ እያሉ።

ሲያበቁ ኮንትሮል ኤስ ተጫንሁ። ከዚያ በቀር ምንም ቁልፍ አልነካሁም።